በጎንደር የመድኃኒት ቅጠል በቤት ማብቀልና መሞከር፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢያችንን ያየ ጎረቤትና ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ግቢ የለኝም፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳ ላይ ይበቅላል?

ይበቅላል። አብዛኛው ቅጠል የሚፈልገው በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ጦስኝ ይህን አየር ይወዱታል።

እኔ የጀመርኩት አናቱ በተቆረጠ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ታቹን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። የቀለም ባልዲ ግን ተዉት፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ የሚበላና የሚጠጣ ነገር አይተከልበትም።

ለጀማሪ የትኞቹ ይሻላሉ?

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶብላና ፌጦ። ፌጦ በሳምንት ውስጥ ብቅ ስለሚል ልብ ያሞቃል፤ ልጆች ካሉ ከእሱ ጀምሩ። እሬት ቢረሱትም አይሞትም። ዳማከሴ ቁመቱ ሰው ያክላል፣ ስለዚህ መሬት ወይም ትልቅ ዕቃ ይፈልጋል። ጦስኝ ቶሎ አይሰፋም፤ እሱን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ሽፈራውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እሱ የቆላ ዛፍ ነው። እዚህ ብርዱ ያቀጭጨዋል።

ችግኙን ከየት ላምጣ?

መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። ጎንደር ውስጥ ጤና አዳም የሌለበት አሮጌ ግቢ ማግኘት ይከብዳል፣ አንድ ቅርንጫፍ የሚከለክል ሰውም አላጋጠመኝም። ካልሆነ ቅዳሜ ገበያ ቅጠል መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። የሚሸጡት ለቡና ወይም ለወጥ ነው፤ ግን ትኩስ ቅርንጫፍ ከሆነ ተተክሎ ይይዛል። ጦስኝን ከነሥሩ ከዱር ነቅለው የሚያመጡትን አትግዙ። ከወደ ደባርቅ ተራራ አንድ ጊዜ የተነቀለ ቶሎ አይተካም። ቀድሞ ከተከለ ሰው ከነሥሩ ገንጥላችሁ ውሰዱ።

አንድ ነገር አደራ። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትትከሉ። አንድ ስም እዚህ አንድ ቅጠል፣ ሌላ ወረዳ ሌላ ቅጠል ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን በሁለት ጣት አሽታችሁ አሽትቱ፣ ሲያብብ ጠብቃችሁ እዩ፣ ቢያንስ ሁለት የሚያውቁ ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካሏችሁ ለጌጥ ይቀመጥ እንጂ ወደ አፍ አይግባ።

መቼ ልትከል? አፈሩስ?

ቅርንጫፍ ለመትከል የሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ምርጥ ናቸው፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣላችኋል። ከዳማከሴ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ ግማሹን ቅበሩት። በወር ውስጥ አዲስ ቅጠል ካወጣ ይዟል ማለት ነው። በሶብላና ፌጦ በዘር ነው። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከላዩ አፈር በስሱ ነስንሱበት እንጂ አትቅበሩት።

ክረምት ላይ ገዳዩ ብርዱ ሳይሆን የቆመ ውሃ ነው። በተለይ በአዘዞ በኩል ጥቁር ዋልካ አፈር ያላችሁ ሰዎች፣ ጤና አዳማችሁ በነሐሴ ቢጫ ሆኖ የሚሞተው ሥሩ በስብሶ ነው። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ያቃጥለዋል፣ ጥሬ ለሚበላ ቅጠልም ንጹሕ አይደለም።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በበጋ እንዴት ይሆናል?

ጤና አዳም፣ ጦስኝና እሬት በሳምንት ሁለቴ ይበቃቸዋል። ውሃ የሚለምኑት በሶብላና ፌጦ ናቸው። አትክልትና ጤፍ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ። ሳሙና የነካውን ግን ለሚበላ ቅጠል አትስጡ። መደቡ ላይ ደረቅ ሣር ጣል ብታደርጉ እርጥበቱ ይቆያል። እኛ ጥምቀት ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ለዚሁ ነው የምናውለው።

መቼ ልልቀመው? እንዴትስ ላድርቀው?

ጠዋት፣ ጤዛው ከጠፋ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ከማበቡ ትንሽ ቀደም ሲል ሽታው ይጠነክራል። ከተክሉ ሲሶውን ብቻ ውሰዱ።

በፀሐይ አታድርቁ፤ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰፌድ ላይ በስሱ ዘርጉት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። በጣት ሲነካ ኮሽ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በደንብ በሚከደን ጠርሙስ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አኑሩት፣ ስሙንና የተለቀመበትን ቀን ጻፉበት። ሻጋታ የሸተተ ቅጠል ይጣላል፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት አይድንም።

ዳማከሴ እውነት ለምች ይሠራል?

እኔ ያደግኩት በዳማከሴ ነው። ከንፈራችን ሲፈነዳና ትኩሳት ሲይዘን እናታችን ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ታሸትተን ነበር፣ ጭማቂውንም ቡና ላይ ጠብ ታደርግልን ነበር። ሽታው እስካሁን የእሷን እጅ ያስታውሰኛል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳትን የመቀነስ ምልክት አሳይቷል። ስለዚህ ባዶ እምነት ነው ብዬ አልጥለውም።

ግን ከአይጥ እስከ ሰው ሩቅ ነው። ደግሞ ምች የምንለው አብዛኛው ሕመም በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ዳማከሴ ጠጥታችሁ በአምስተኛው ቀን ከዳናችሁ፣ ያዳናችሁ ቅጠሉ ይሁን ጊዜው በዚህ ብቻ አይታወቅም። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ አንገት ከደረቀ ወይም ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ ነገሩ ምች አይደለም፤ በቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጭማቂውን ዓይን ውስጥ ማድረግም ፈጽሞ አይገባም።

ጤና አዳም ስቆርጥ እጄ ቆሰለ። ቡዳ ነው ያሉኝ አሉ።

ቡዳ አይደለም፤ ፀሐይና ጭማቂው ተገናኝተው ነው። እኔንም ደርሶብኛል። በጥር ወር ለእንግዳ ቡና ብዬ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በባዶ እጄ አንድ እቅፍ ቆረጥኩ። የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ክንዴ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ግንዱ በነካኝ መስመር ልክ፣ እንደ ጅራፍ ሰንበር ተጋድሞ ውሃ ቋጠረ። ጥቁር ምልክቱ ከወር በላይ አብሮኝ ቆየ።

የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳን ለፀሐይ በጣም ስስ የሚያደርግ ነገር አለው። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ቁረጡ፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ቅጠሉን ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ክፉኛ ያቃጥላል። ከቆሰለ አታፍርጡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት፣ ሰፊ ከሆነ ታከሙ።

ቅጠሉ እየሠራልኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው «ሠራልኝ» ብሎ ያልፋል እንጂ እንዴት እንዳወቀ አይጠይቅም። ትልቁ ስህተት መደባለቅ ነው። ሰው ጉንፋን ሲይዘው በአንድ ቀን ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ፌጦና ፓራሲታሞል ይወስዳል። ከዚያ የፈለገውን ያመሰግናል። ሌላው የእኛው የቡና ነገር ነው። «ጤና አዳም በቡና ጠጥቼ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ቡና የለመደ ሰው ሳይጠጣ ሲቀር ራሱን ያመዋል፣ ሲጠጣ ይለቀዋል። ጤና አዳሙን ለመፈተን ቡናውን አንድ ቀን ያለ ጤና አዳም፣ አንድ ቀን ከነጤና አዳሙ ጠጥቶ ማስተያየት ይገባል።

በየምግቡ የለመድነውን ቅጠል የሚሞክር ጤነኛ አዋቂ እንዲህ ያድርግ። በአንድ ጊዜ አንድ ቅጠል ብቻ። ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደምትለኩ ወስኑ፦ የራስ ምታት ቀን ብዛት፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የደም ግፊት ቁጥር። ሁለት ሳምንት ምንም ሳትወስዱ መዝግቡ፣ ሁለት ሳምንት እየወሰዳችሁ፣ እንደገና ሁለት ሳምንት አቋርጣችሁ። ስትጀምሩ የተሻለው ስታቋርጡ ከተመለሰ፣ ነገር አለ ማለት ነው። ሳትወስዱትም እንደተሻላችሁ ከቆያችሁ ግን ቅጠሉን ለማመስገን አትቸኩሉ።

ጾም ገብቶ ከወጣም ሙከራው ይበላሻል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅቤውና ሥጋው ይቀራል፣ የመብያው ሰዓት ይዛወራል። ጾም ላይ የለካችሁትን ከፍስክ ጋር ካስተያያችሁ፣ ያስተያያችሁት ማዕዱን እንጂ ቅጠሉን አይደለም። ወይ ሙሉውን በጾሙ ውስጥ አድርጉት፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ጀምሩ።

ጦስኝ ለደም ግፊት ይሆናል ይባላል። እንዴት ልሞክረው?

ጦስኝ በእንስሳት ሙከራ ሽንት የማብዛትና ግፊት የመቀነስ ምልክት ታይቶበታል። ይህ ኪኒን ለመተው አያበቃም። መሞከር ከፈለጋችሁ ኪኒናችሁን እንደታዘዘው እየወሰዳችሁ፣ ለሐኪማችሁም ነግራችሁ ይሁን።

አለካኩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጀርባ ይደገፍ፣ እግር መሬት ይንካ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና ሁለቱንም ጻፉ። የጦስኝ ሽታው ራሱ «ዛሬ መድኃኒት ጠጥቻለሁ» ይላችኋል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያነብና የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያውም የትኛው ሳምንት እንደሆነ የማያውቅ።

እናቴ ይህን ሠርታዋለች። ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እህቴ ናት የምትጽፍላት፤ ጠዋት 1፡00 ሰዓት፣ ማታ 1፡00 ሰዓት። በስድስተኛው ሳምንት ደብተሩን ዘርግተን አየነው። ጦስኝ የጠጣችባቸው ቀኖችና ያልጠጣችባቸው ቀኖች ቁጥር የተቀላቀለ ነበር፤ ልዩነት አላገኘንም። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «ይሁን፣ እኔ ጣዕሙን እወደዋለሁ» አለች። አሁንም ሻይዋ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ኪኒኗንም አታቋርጥም።

ስንት ቅጠል ነው ልኩ?

«አንድ ጭብጥ» ልክ አይደለም፤ የእኔ ጭብጥና የእናንተ ይለያያል። በሻይ ማንኪያ ለኩ፣ ደረቁን ደረቅ፣ ትኩሱን ትኩስ ብላችሁ መዝግቡ። ለምግብነት ከለመድነው ቅጠል አንድ ሻይ ማንኪያ ደረቅ በአንድ ስኒ ውሃ ለመጀመር ይበቃል። ካልሠራ እጥፍ አታድርጉት። የሚጠጣው ብዙ ስለሆነ የሚሻል ቅጠል እኔ አላውቅም፣ የሚጎዳ ግን አለ።

የሐኪም መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። አብሮ ይሄዳል?

ሳትጠይቁ አትጀምሩ። አብሽ የደም ስኳር ይቀንሳል። በኢንሱሊን ወይም በስኳር ኪኒን ላይ ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያልባችሁ፣ ሊያንቀጠቅጣችሁ፣ ራስ ሊያስት ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ሲሆኑ ችግር የለባቸውም። በብዛት እንደ መድኃኒት ሲወሰዱ ግን ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ተደምረው መድማትን ያብሳሉ፤ ቀዶ ሕክምና ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጉበቱ ሥራ በዝቶበታል፣ ቅጠል አይደርብበት።

ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል። እኔ አንድ ጊዜ የተቆጣኝ ገጥሞኛል፤ ቢሆንም ነገርኩት። ከተማችን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት። ፋርማሲስት ማማከርም ይቻላል፤ ቅጠሉን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃንስ?

ነፍሰ ጡር ጤና አዳም ትተው፣ በቡና ላይም ቢሆን። ማሕፀን ያነሣሣል፣ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። መራራው ቢጫ የእሬት ፈሳሽ፣ ኮሶና እንቆቆም እንደዚያው። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቅመስ። አያቶች ለሆድ ቁርጠት ብለው የጤና አዳም ውሃ ይሰጣሉ። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። በፍቅር መልሱላቸው፣ ግን አይሰጥ። ማርም ከአንድ ዓመት በፊት አይሰጥም።

አጥራችን ላይ እንዶድና ሰንሰል አለ፣ ኮሶም ከዘመድ ተልኮልናል። ልሞክረው?

አትሞክሩት። እንዶድ ለልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል የሚደረገው ምርምር ከዚያ ተነሣ። ቀንድ አውጣን የሚጨርስ ነገር የሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መገመት ነው። ኮሶ አባቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት ነው፣ አውሮፓም ወስዶ ተጠቅሞበታል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ለኮሶ ትል ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ኪኒን አለ።

ሰንሰልን በተመለከተ ልብ አድርጉልኝ። ለእብድ ውሻ ንክሻና ለወፍ በሽታ ይሰጣል ይባላል። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ክትባት ወደሚሰጥበት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። ቅጠል እየጠጡ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያችን አንዲት ዕድል ማባከን ነው። የዓይን ቢጫ መሆንም ስሙ የወፍ በሽታ ቢሆንም መነሻው ብዙ ነው፤ ደም ሳይመረመር አይታወቅም። የታመመ ጉበት ላይ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ደግሞ ራሱ ጉዳት ነው።

የወባ መድኃኒት ከቅጠል ነው የተሠራው ይባላል። አሪቲዬን ለወባ ብጠጣስ?

መነሻው እውነት ነው። አርቴሚሲኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት የተገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከሚባል የቻይና ተክል ነው፣ ያገኙት ሳይንቲስት ቱ ዩዩም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመዶቹ ናቸው እንጂ እሱን አይደሉም። የቻይናው ተክል ቢኖራችሁ እንኳ ሻዩ ውስጥ የሚወጣው መድኃኒት በየጊዜው ይለያያል። ያልበቃ መጠን ሕመሙን ለጊዜው አስታግሶ ወባው መድኃኒት እንዲለምድ ሊያደርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሻዩን ለወባ አይመክርም።

ለመኸር ሥራ መተማ ወይም ቋራ ወርዶ የተመለሰ ወንድም ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር። የወባ ምርመራ ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው።

ጎረቤት ሲለምነኝ ልስጥ? ብሸጥስ?

ለምግብና ለቡና የሚሆነውን ስጡ፤ ቅጠል ተከልክሎ አያውቅም። «ለዚህ በሽታ ያድናል» ብላችሁ ግን አትስጡ፣ በዚያ ስም ሸጣችሁ ገንዘብም አትቀበሉ። እኔ ማንም በር አንኳኩቶ ቅጠል ሲለምነኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ለማን ነው? ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ምን መድኃኒት ትወስዳለች? ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ለእህቷ ጤና አዳም ልትወስድ መጥታ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አቀርቅራ «የሦስት ወር ናት» አለችኝ። በምትኩ አንድ እቅፍ በሶብላ ለሽሯቸው አሸክሜ ላክኋት።